የደመወዝ ወረቀታችሁን ራሳችሁ አስሉት፦ ለጎንደር ሠራተኞች

ወር ሲሞላ ከባንክ መልእክት ይገባል። «ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኗል» ይላል፤ በቃ። ከስንት ላይ ምን ተቀንሶ እንደገባ አይናገርም። ፒያሳ ኤቲኤም ላይ ሰልፍ ሲያዝ የሚሰማው ምሬትም ያው ነው፦ «ታክሱ በላው»፣ «ጡረታ ምናምን ብለው ቆረጡት»። ታክሱ ስንት በላ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ቁጥሩን የሚነግራችሁ ሰው ጥቂት ነው።

ይህን ለማወቅ የሒሳብ ሠራተኛ መሆን አያስፈልግም። የስልክ ካልኩሌተርና ቁራጭ ወረቀት ይበቃል። ከታች ያለው አካሄድ በዋናነት በግል ድርጅት ለሚሠራ ነው፤ ሆቴል፣ ፋብሪካ፣ የግል ክሊኒክ፣ የግል ትምህርት ቤት፣ ሱቅ። የመንግሥት ሠራተኞችም የታክሱንና የጡረታውን ስሌት እንዳለ መጠቀም ትችላላችሁ። የፈቃድና የትርፍ ሰዓት ጉዳያችሁ ግን በሌላ ሕግ ስለሚታይ እዚህ አልገባበትም።

1. ከመፈረማችሁ በፊት «ስንት ነው?» ብቻ ብላችሁ አትለፉ

«ደመወዙ ስምንት ሺህ ነው» ሲባል ሁለት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ ያልተጣራ ነው፤ ታክስና ጡረታ ገና ያልተነሳለት ጥቅል ደመወዝ። ሌላው የተጣራ ነው፤ በእጅ የሚደርሰው። 8,000 ብር ያልተጣራ ከሆነ 1,150 ብር ታክስና 560 ብር ጡረታ ተነስቶለት 6,290 ብር በእጃችሁ ይገባል። 8,000 ብር የተጣራ ከሆነ ደግሞ ጥቅሉ ወደ 10,556 ብር መሆን አለበት። በሁለቱ መካከል የአንድ ቤተሰብ የወር አስቤዛ አለ።

ጥያቄው እንዲህ ይጠየቃል፦

«ጋሼ፣ ስምንት ሺህ ያሉኝ በእጅ የሚደርሰኝ ነው ወይስ ታክስ የሚቆረጥበት?»

«በእጅሽ የሚገባው ነው። ታክሱን እኛ እንችላለን።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ውሉ ላይ ጥቅሉ ስንት ተብሎ ይጻፋል?»

ዋናዋ ጥያቄ የመጨረሻዋ ናት። «ታክሱን እኛ እንችላለን» የሚል አሠሪ አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ ጥቅሉን ከፍ አድርጎ ጽፎ ታክሱን ከራሱ ይከፍላል። አንዳንዱ ግን ውሉ ላይ ሦስት ሺህ ብሎ ይጽፍና የቀረውን በፖስታ ይሰጣል። ያኔ ለመንግሥትም፣ ለጡረታም፣ ለፍርድ ቤትም የእናንተ ደመወዝ ሦስት ሺህ ነው። ፖስታው ምስክር የለውም።

ውል በጽሑፍ ካልተሰጣችሁ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመበት ደብዳቤ እንዲሰጣችሁ ያዛል። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። በግል ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ስለዚህ ውሉ ላይ የሰፈረው ቁጥር ነው ወለላችሁም ጣሪያችሁም።

2. ወረቀቱን ጠይቁ፣ ከዚያ በሦስት ክፈሉት

ብዙ ቦታ ፔይ ስሊፕ ለየሠራተኛው አይሰጥም። አንድ ትልቅ ፔይሮል ይወጣና ሁሉም በስሙ ትይዩ ይፈርማል። ከኋላ ሰልፍ ስላለ ማንም ቆሞ አያነብም። አንብቡ። አሠሪው ጥቅሉ፣ ተቀናሹና የተጣራው ተለይተው የተጻፉበት መዝገብ የመያዝ ግዴታ አለበት። ሠራተኛው ሲጠይቅም ማሳየትና ማብራራት አለበት። ደግነት አይደለም፣ ሕግ ነው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ፔይሮሉ ላይ ምንም ሳትሉ ፈርማችሁ ብትወስዱም ቀሪ መብታችሁ አይጠፋም። «ፈርመሃል እኮ!» የሚባለው ማስፈራሪያ አዋጁ ውስጥ ቦታ የለውም። ካልተፈቀደላችሁ በቀር መዝገቡን ፎቶ አታንሱ፤ የሌሎች ደመወዝ አለበት። የራሳችሁን መስመር ግን ወረቀት ላይ ገልብጡ።

አሁን ሦስት ክፍል አድርጉት። መጀመሪያ ያገኛችሁት፦ መሠረታዊ ደመወዝ፣ አበል፣ ትርፍ ሰዓት፣ ሰርቪስ ቻርጅ። ቀጥሎ የተቆረጠው፦ የሥራ ግብር (ታክስ የምንለው)፣ የጡረታ 7 በመቶ፣ ሌላ ሌላ። መጨረሻ ላይ የተጣራው።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይሄ ይሁን፦ በአዋጁ «ደመወዝ» ማለት ያገኛችሁት ሁሉ አይደለም። ትርፍ ሰዓት፣ የትራንስፖርት አበል፣ የውሎ አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሰርቪስ ቻርጅ፣ እነዚህ ሁሉ ደመወዝ አይባሉም። ጡረታው የሚሰላው በመሠረታዊ ደመወዙ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያው፣ የስንብት ክፍያው፣ የፈቃድ ክፍያው የሚነሱት ከደመወዙ ነው። ታክሱ ግን እንዲህ አይመርጥም፤ ሰርቪስ ቻርጁንም፣ ትርፍ ሰዓቱንም፣ አብዛኛውን አበልም ደምሮ ያያል።

አንዲት በሆቴል መስተንግዶ የምትሠራ ልጅ እንውሰድ። የወር ወረቀቷ ይህን ይመስላል፦

መሠረታዊ ደመወዝ 6,240 ብር
ሰርቪስ ቻርጅ 1,800 ብር
ትርፍ ሰዓት (10 ሰዓት) 450 ብር
የትራንስፖርት አበል 600 ብር
ጠቅላላ 9,090 ብር

ይህን ምሳሌ ይዘን እንቀጥል።

3. ታክሱን አስሉ

መጀመሪያ ታክስ የማይነካውን አውጡ። የትራንስፖርት አበል በመመሪያ ከተወሰነው ጣሪያ እስካላለፈ ድረስ ነፃ ነው። አሠሪው የሚከፍላችሁ የሕክምና ወጪ ነፃ ነው። አሠሪው ለጡረታችሁ የሚጨምረው ድርሻም ከእናንተ ታክስ አይጠየቅበትም። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ ደግሞ ጭራሽ ከሥራ ግብር ነፃ ነው።

የእኛ ልጅ 600 ብሩ ሲወጣ 8,490 ብር ይቀራታል። ታክሱ የሚሰላው በዚህ ላይ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ መጀመሪያ 7 በመቶ ጡረታውን ያነሳና በቀሪው ላይ ታክስ ያሰላል። አይደለም። ታክሱ ጡረታው ሳይነሳ ነው የሚሰላው።

የገቢ ግብር አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። ከሐምሌ 1 ቀን 2017 ጀምሮ የሚሠራው የወር ምጣኔ ይህ ነው፦

እስከ 2,000 ብር፦ ነፃ
ከ2,001 እስከ 4,000፦ 15 በመቶ፣ ተቀናሽ 300
ከ4,001 እስከ 7,000፦ 20 በመቶ፣ ተቀናሽ 500
ከ7,001 እስከ 10,000፦ 25 በመቶ፣ ተቀናሽ 850
ከ10,001 እስከ 14,000፦ 30 በመቶ፣ ተቀናሽ 1,350
ከ14,000 በላይ፦ 35 በመቶ፣ ተቀናሽ 2,050

አሠራሩ፦ ታክስ የሚከፈልበትን ገቢ በመቶኛው አባዙ፣ ከዚያ «ተቀናሽ» የተባለውን ቁጥር አንሱ። 8,490 በ25 በመቶ ሲባዛ 2,122.50 ይመጣል። 850 ሲነሳ 1,272.50 ብር። ታክሷ ይሄው ነው።

ተቀናሹ ከየት መጣ? ታክሱ በደረጃ ነው የሚሄደው። የመጀመሪያው 2,000 ብር ምንም አይከፈልበትም። ቀጣዩ 2,000 በ15 በመቶ 300 ብር ነው። ከዚያ በላይ ያለው 3,000 በ20 በመቶ 600 ብር። የቀረው 1,490 ብቻ በ25 በመቶ 372.50። ድምሩ ያው 1,272.50 ነው። ተቀናሹ ይህን ሁሉ መደመር ያስቀረልን አቋራጭ ነው።

ይህን የተረዳ ሰው «ጭማሪ አልፈልግም፣ ታክሱ ከፍ ይልብኛል» አይልም። እንዲህ የሚል ሰው ግን በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ደመወዛችሁ ከ7,000 ወደ 7,100 ቢያድግ 25 በመቶው የሚነካው አዲሷን መቶ ብር ብቻ ነው። 25 ብር ታክስ፣ 7 ብር ጡረታ፣ 68 ብር ኪስ። ሌላው 7,000 ብር እንደነበረ ነው። ጭማሪ ሲመጣ ተቀበሉ።

አሮጌው ምጣኔ ከ600 ብር በላይ ጀምሮ ነበር የሚቆርጠው። በእሱ ቢሰላ የዚች ልጅ ታክስ 1,592 ብር ይሆን ነበር፤ የ319.50 ብር ልዩነት ነው። ትንንሽ ድርጅቶች ፔይሮል የሚሠሩት ከዓመታት በፊት አንድ ሰው ባዘጋጀላቸው የኤክሴል ፋይል ነው። ፋይሉ ካልተነካ ያንኑ ሒሳብ ሊደግም ይችላል። የእናንተ ስሌትና የእነሱ ስሌት ካልገጠመ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን። ክፋት ላይሆን ይችላል።

ለማመሳከር ያህል፦ ከ2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዲግሪ መነሻ የሆነው 11,500 ብር 2,100 ብር ታክስ ይነሳለታል። ጡረታው 805 ነው። በእጅ 8,595 ይደርሳል። 6,000 ብር የሚከፈለው ደግሞ 700 ብር ታክስና 420 ብር ጡረታ ከፍሎ 4,880 ይወስዳል።

ሁለት ቦታ የምትሠሩም አላችሁ። ቀን አንድ ትምህርት ቤት፣ ማታ ሌላ ኮሌጅ። እያንዳንዱ አሠሪ የሚያሰላው የራሱን ብቻ ነው፣ ሁለቱም ከ2,000 ነፃ ይጀምራሉ። ሕጉ ግን ሁለቱን ገቢ ደምሮ ነው የሚያየው። 6,000 እና 6,000 ብታገኙ ለየብቻ ሲሰላ 1,400 ብር ነው። ሲደመር ግን የ12,000 ታክስ 2,250 ነው። ልዩነቱ ተጠራቅሞ አንድ ቀን ሲጠየቅ ያማል። አስቀድማችሁ የከተማው ገቢዎች ጋ ቲን ቁጥራችሁን ይዛችሁ ብትጠይቁ ይሻላል።

4. ጡረታው

ከእናንተ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ፣ በድምሩ 18 በመቶ። ሁለቱም በመሠረታዊ ደመወዝ ላይ ነው። የእኛ ልጅ ከ6,240 ብሯ 436.80 ይቆረጥባታል። አሠሪዋ 686.40 ይጨምርላታል። ፔይሮሉ ላይ የእሱ ድርሻ ብዙ ጊዜ በሌላ አምድ ነው የሚታየው። ከእናንተ ላይ 11 ወይም 18 በመቶ ተቆርጦ ካያችሁ ስህተት ነው፤ የአሠሪው ዕዳ በእናንተ ላይ ተጭኗል።

አሁን ልጅቷ በእጇ ስንት ይደርሳታል? 9,090 ሲቀነስ 1,272.50 ሲቀነስ 436.80። 7,380.70 ብር። የባንኩ መልእክት የሚለው ይህን ነው፤ ካላለ የምትጠይቀው አላት።

ጡረታ በወጣትነት ጊዜ እንደ ኪሳራ ይታያል። «ያኔ ማን ይኖራል» የሚባለውም ያለ ነው። ግን ሒሳቡን አንዴ ማየት ደግ ነው። መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። አበሉን በየወሩ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ለ10 ዓመት 30 በመቶ ይሰጣል፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። መቶኛው የሚሰላው በመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። 30 ዓመት ያገለገለ ሰው 55 በመቶ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ድርጅት ብትቀይሩ፣ ከመንግሥት ወደ ግል ብትሄዱም አገልግሎታችሁ ይደመራል። የሚደመረው ግን መዋጮው በትክክል ገቢ የሆነለት ጊዜ ነው። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ከአሠሪው ተቀበሉና ያዙ። በዓመት አንዴ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ቅርንጫፍ ሄዳችሁ መዋጮው መግባቱን ብታረጋግጡ ጊዜ አባከንኩ አትሉም። ከደመወዝ ተቆርጦ ገቢ ሳይሆን የቀረ መዋጮ የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ሊወጣ ሲል ነው፤ ያኔ ድርጅቱ ራሱ ላይኖር ይችላል።

5. «አበል በዛ ያለ» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ሁለት ሥራ ቀረበላችሁ እንበል። አንዱ 9,000 ብር ደመወዝ ነው፣ አበል የለውም። ሌላው 5,000 ብር ደመወዝና 4,000 ብር የቤትና የኃላፊነት አበል ነው። ድምራቸው እኩል ነው። አበሉ ታክስ የሚነካው ስለሆነ በሁለቱም ታክሱ 1,400 ብር ነው።

ጡረታው ላይ ይለያያሉ። የመጀመሪያው 630 ብር ይቆረጥለታል፣ ሁለተኛው 350። በእጅ ሲደርስ የመጀመሪያው 6,970፣ ሁለተኛው 7,250። ሁለተኛው በ280 ብር ይበልጣል። ሰውም የሚመርጠው ሁለተኛውን ነው፤ የዛሬ 280 ብር የዛሬ ነው።

ግን ወደ ኋላ ተመለሱና እዩት። አሠሪው ለመጀመሪያው 990 ብር ጡረታ ይጨምራል፣ ለሁለተኛው 550። ለአሠሪው በየወሩ የ440 ብር ቁጠባ ነው፤ «አበል በዛ» የሚባለው ለምን እንደሚወደድ ከዚህ ይገባችኋል። ትርፍ ሰዓት ስትሠሩ አንዱ ሰዓት ለመጀመሪያው 64.90 ብር ገደማ ነው፣ ለሁለተኛው 36 ብር። ደመወዙ በዚሁ ቢቀጥልና ከ30 ዓመት በኋላ ቢወጡ የመጀመሪያው 4,950 ብር የወር ጡረታ አለው፣ ሁለተኛው 2,750 ብር። ከሥራ ብትወጡ የስንብት ክፍያውም በዚያው ልክ ያንሳል።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። የቤት ኪራይ አንቆ የያዘው ሰው ሁለተኛውን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ የሚሸጠውን አውቆ ይሽጥ። አስቀድሞ መደራደርም ይቻላል። «ከአበሉ አንድ ሺህ ብር ወደ ደመወዝ ይዙርልኝ» ማለት ጭማሪ ከመጠየቅ ይቀላል፤ ለአሠሪው የሚያስወጣው ተጨማሪ 110 ብር የጡረታ ድርሻና የትርፍ ሰዓቱን ልዩነት ብቻ ነውና።

6. ትርፍ ሰዓትና ጥምቀት

መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። የሰዓት ደመወዛችሁን ለማግኘት የወሩን ደመወዝ ለ208 አካፍሉ፤ 26 የሥራ ቀን በ8 ሰዓት ማለት ነው። 6,240 ለ208 ሲካፈል 30 ብር ይመጣል። ከዚያ፦

ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሠራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ይባዛል፣ 45 ብር።
ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ 52.50 ብር።
በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ 60 ብር።
በሕዝብ በዓል ቀን በ2.5፣ 75 ብር።

ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ይህን ስጽፍ የጎንደር የሆቴል ሠራተኞች ፈገግ እንደሚሉ አውቃለሁ።

ጥር ሲመጣ ከተማው ይሞላል። እንግዳው አልጋ ያጣል፣ ባጃጅ ይጠፋል፣ ከፋሲል ግቢ እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ሰው በሰው ነው። አስተናጋጁ ከጥር 9 ጀምሮ ቤቱን አያውቀውም። ወሩ ሲያልቅ ግን «ለበዓል» ተብሎ ጠቅለል ያለ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ አንዳንዴም ምሳ ተጋብዞ ያልፋል። እዚህ ጋ ቀኖቹን መለየት ያስፈልጋል። የሕዝብ በዓሉ ጥር 11 ነው። ከተራው፣ ጥር 10፣ የቱንም ያህል ሥራ ቢበዛበት በሕግ የሥራ ቀን ነው፤ ከ8 ሰዓት በላይ የሠራችሁት በ1.5 ወይም በ1.75 ይታሰባል። ጥር 12ም እንደዚሁ። ጥር 11 ላይ በመደበኛ ሰዓታችሁ ከሠራችሁ የሰዓት ደመወዙ በ2 ይባዛል። ከመደበኛው በላይ የሠራችሁት በ2.5። በዓሉ በዕረፍት ቀናችሁ ላይ ቢውል ሁለት ጊዜ አይከፈልም፣ አንዱን ብቻ ነው የምትወስዱት።

ክርክሩ ሁሌም የሚነሳው በሰዓቱ ብዛት ላይ ነው። ስለዚህ በየቀኑ ስትወጡ ቀኑን፣ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት፣ እንድትቆዩ ያዘዛችሁን ኃላፊ ስም ስልካችሁ ላይ ጻፉ። ለተቆጣጣሪያችሁ በቴሌግራም «ዛሬ እስከ 5 ሰዓት ቆይቻለሁ» ብላችሁ ብትልኩ ደግሞ ቀኑና ሰዓቱ በራሱ ይመዘገባል።

7. ፈቃድ

የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሥራ ላይ ሳላችሁ ዕረፍቱን በገንዘብ መለወጥ አይፈቀድም፤ ስትለቁ ግን ያልወሰዳችሁት ተሰልቶ ይከፈላል። ሕመም በሐኪም ማስረጃ ሲሆን የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ ከዚያ ሦስት ወር ያለ ክፍያ። ለወሊድ ከመውለድ በፊት 30፣ ከወለዱ በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ነው። አባትም 3 ቀን አለው። ለጋብቻና ለቅርብ ዘመድ ሐዘን 3 የሥራ ቀን።

ሐዘን ላይ ሦስት ቀን ለእኛ አገር ለቅሶ ምን ይበቃል እንዳትሉኝ። የቀረውን ከዓመት ዕረፍታችሁ ላይ ጠይቁ።

8. ስሙ የማይታወቅ ቁራጭ ካያችሁ

ከታክስና ከጡረታ ውጭ አሠሪ ከደመወዝ የሚቆርጠው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን ብቻ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ከሆናችሁ ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት ዕዳ) ሊኖር ይችላል። የቁጠባና ብድር ማኅበር መዋጮም ከፈረማችሁ ይኖራል። የተሰበረ ብርጭቆ፣ የጎደለ ካዝና፣ «ሁሉም ተስማምቶበታል» የተባለ መዋጮ ግን እንዲሁ ዝም ብሎ አይቆረጥም። «የፈረምኩበትን ወረቀት ልየው» በሉ። በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዙ ከሲሶው መብለጥ የለበትም። ደመወዝ 6,240 ከሆነ ጣሪያው 2,080 ብር ነው።

9. ቁጥሩ አልገጥም ካለ

መጀመሪያ ሒሳብ ክፍል ሂዱ፤ ከወር መጨረሻ ጥድፊያ በኋላ፣ በእርጋታ። የሠራችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ «የእኔ እንዲህ መጣ፣ የት ጋ ነው የተለያየነው?» በሉ። አብዛኛው ነገር እዚህ ያልቃል። ሒሳብ ሠራተኛዋም ጠላታችሁ አይደለችም፤ የታዘዘችውን ነው የምትጽፈው።

ካላለቀ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ግልባጩ ላይ የተቀበለ ሰው አስፈርሙ። ከዚያ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ የሚያየው መምሪያ አለ፤ ተቆጣጣሪ ሊልክላችሁ፣ ሊያስማማችሁም ይችላል። በመጨረሻ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት አይከፍልም።

ግን አትዘግዩ። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰሉት ክፍያዎች ጥያቄ ክፍያው ሊፈጸም ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ (ጊዜው አልፎበት) ይቀራል። የጥምቀቱን ትርፍ ሰዓት ለነሐሴ ካቆያችሁት ሄዷል። «አሁን ስብሰባ ላይ ነን»፣ «የሚቀጥለው ወር ይስተካከላል» እየተባለ ስንት ሰው ስድስት ወሩን ቤቱ ተቀምጦ አሳልፎታል!

10. ስትለቁ

ሥራው ሲቋረጥ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ ትርፍ ሰዓትና የዕረፍት ክፍያ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪው ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ ተጨማሪ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል። የስንብት ክፍያ ለሁሉም አይደለም፤ እንዴት እንደወጣችሁ ይወስነዋል። የሚገባው ሰው ግን ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፣ ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። 6,240 ብር ደመወዝ ይዞ አራት ዓመት የሠራ ሰው 6,240 እና ሦስት ጊዜ 2,080፣ በድምሩ 12,480 ብር ገደማ ማለት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ወረቀት ጠይቁ፦ የአገልግሎት ዘመንና ደመወዝ የተጻፈበት የሥራ ልምድ፣ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁና የመዋጮው ማስረጃ፣ የመጨረሻው ወር የክፍያ ዝርዝር። የሥራ ልምዱ ላይ የሚጻፈው ደመወዝ ፔይሮሉ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዚያው ቆማችሁ አመሳክሩ። ቀጣዩ አሠሪ «የቀድሞ ደመወዝህ ስንት ነበር?» ሲል የሚያየው እሱን ነው።